ገናን የሚጠብቁ ልጆች

በሬዲዮ ከተላለፈ ትምህርት ለጽሑፍ የተዘጋጀ



ታኅሣሥ ሲገባ በየአጥቢያችን ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። መዘምራን ልምምዳቸውን ያጠናክራሉ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ድራማ ይከፋፈላሉ፤ አንዱ ዮሴፍ፣ አንዷ ማርያም፣ የቀሩት እረኞች ይሆናሉ፤ መልአክ ለመሆን ግን ሁሉም ይሻማል። ወጣቶች መድረኩን ያስጌጣሉ፤ እናቶች ስለ ዳቦውና ስለ ቡናው ይመካከራሉ። ደስ የሚል ነገር ነው፤ እኔም ደስ ይለኛል። ዛሬ ግን አንድ ጥያቄ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ይህን ሁሉ ስናዘጋጅ የምንጠብቀው ማንን ነው? ከእኛ ጋር እንዲጠብቅስ የጠራነው ማንን ነው?

ጥያቄውን ለመመለስ ትንሽ ታሪክ እናገላብጥ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የአገራችንን ወራት ስጠራ ግን በራሳችን አቆጣጠር ነው።

ቀኑ ከየት መጣ?

«ገና በመጽሐፍ ቅዱስ የለም» የሚል ወንድም በየዓመቱ አይጠፋም። እስቲ እውነቱን እንነጋገር። ማቴዎስና ሉቃስ የጌታን መወለድ ይተርካሉ እንጂ ቀኑን አይነግሩንም። በሮም ከተማ ልደት ዲሴምበር 25 ይታሰብ እንደነበር የምናውቀው በ354 ከተጠናቀረ የቀን መቁጠሪያ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው መረጃ እስከ 336 ድረስ ይመልሰናል። በምሥራቅ ደግሞ ብዙ ክርስቲያኖች ልደቱንና ጥምቀቱን አንድ ላይ ጃንዋሪ 6 ያከብሩ ነበር፤ የአርመን ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው።

የእኛ ታኅሣሥ 29 በፈረንጆች ጃንዋሪ 7 ላይ መዋሉ ብዙ ሰው ግር ይለዋል። ምክንያቱ የአቆጣጠር ልዩነት ነው። ምዕራባውያን በ1582 የቀን መቁጠሪያቸውን ሲያስተካክሉ የእኛ ቤተ ክርስቲያን በጥንቱ ቀጠለች። ዛሬ በጥንቱና በአዲሱ መካከል የ13 ቀን ልዩነት አለ። ስለዚህ ጥንታዊው ዲሴምበር 25 እና የእኛ ገና አንድ ላይ ይውላሉ ማለት ነው።

ታዲያ በቀኑ ላይ ብንጣላ ማን ይጠቀማል? ጳውሎስ በሮሜ 14 አንዱ ቀንን ከቀን ቢለይ፣ ሌላው ቀኑን ሁሉ እኩል ቢያይ እርስ በርስ እንዳይናናቁ አስተምሯል። መወለዱን ካመንን፣ መወለዱን ለማሰብ አንድ ቀን ቢመደብ የሚከፋው ሰው ለምን ይኖራል? ጥያቄው ቀኑን እንዴት እንጠብቀው ነው።

መጠበቅ ዛሬ አልተጀመረም

«አድቬንት» የሚለውን ቃል የሉተራን ወይም የካቶሊክ ወገኖቻችን ሲጠሩት ሰምታችሁ ይሆናል። ከላቲን የመጣ ነው፤ «መምጣት» ማለት ነው። ከልደት በፊት ያሉትን አራት እሑዶች የያዘ የዝግጅት ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ ምእመናን ሁለት ነገር ያስባሉ፤ ጌታ አንድ ጊዜ በግርግም እንደ መጣ፣ ዳግመኛም በክብር እንደሚመጣ።

በስፔን አገር በሳራጎሳ ከተማ በ380 የተሰበሰቡ የቤተ ክርስቲያን መሪዎች አንድ የሚገርም ውሳኔ አስተላልፈው ነበር። ከዲሴምበር 17 እስከ ጃንዋሪ 6 ባሉት 21 ቀናት ማንም ከጉባኤ እንዳይቀር፣ በቤቱ ተሸሽጎ እንዳይቀመጥ፣ ወደ ገጠር ወይም ወደ ተራራ እንዳይወጣ አዘዙ። ልብ አድርጉ፤ እዚህ ውስጥ ስለ ጌጥ የተባለ ነገር የለም። ውሳኔው ስለ አብሮ መሆን ነው። በዓሉ እየቀረበ ሲሄድ ማንም ለብቻው እንዳይሆን ነው።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው እንዳትሉ ወደ ቤታችን እንመለስ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የነቢያትን ጾም ኅዳር 15 ጀምራ እስከ ገና ዋዜማ ትጾማለች። ነቢያት መሲሑን እየናፈቁ የኖሩበትን ዘመን ለማሰብ ነው። ከገና በፊት ያሉት ሦስት ሰንበታትም ስም አላቸው፤ ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ። የመጀመሪያው ነቢያት ስለሚመጣው የሰበኩትን ያስባል። ሁለተኛው በጨለማ ላለ ሕዝብ የሚወጣውን ብርሃን ያስባል። ኖላዊ በግእዝ እረኛ ማለት ነው፤ ሦስተኛው ሰንበት መንጋውን ፍለጋ የሚመጣውን እረኛ ያስባል።

«ፓስተር፣ ይህ እኮ የእኛ አይደለም» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እኔም ጾሙን ጹሙ፣ ሥርዓቱን ያዙ እያልኩ አይደለም። ቃላቱ ግን ከመጽሐፍ ቅዱስ የወጡ ናቸው። ኢሳይያስ 9ን ክፈቱ፤ ብርሃኑን ታገኛላችሁ። ሕዝቅኤል 34ን ክፈቱ፤ እረኛውን ታገኛላችሁ። እነዚህን ሦስት ቃላት በልባችሁ ያዙልኝ፤ ስብከት፣ ብርሃን፣ እረኛ። ወደ መጨረሻው እመለስባቸዋለሁ።

አጥር የሌለው ቤት

አሁን ወደ ሰሜን ጀርመን፣ ወደ ሐምቡርግ ከተማ ልውሰዳችሁ። ለምን ወደዚያ? ዛሬ በብዙ የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ከገና በፊት ሻማ የሚበራበት የአድቬንት ጉንጉን የተጀመረው እዚያ ስለሆነ ነው። የተጀመረውም በትልቅ ካቴድራል አይደለም፤ ችግረኛ ልጆች በሚኖሩበት ቤት ነው።

ዮሐን ሂንሪኽ ቪኸርን የተባለ ሰው በ1808 በዚያች ከተማ ተወለደ። በ15 ዓመቱ አባቱ ሞተበት። ከሰባት ልጆች ታላቁ እሱ ነበረና ሌሎችን እያስጠና እናቱንና ታናናሾቹን መርዳት ጀመረ። በኋላ በጎቲንገንና በበርሊን ነገረ መለኮት ተማረ። ወደ ሐምቡርግ ተመልሶም በ1832 በአንድ የከተማዋ ድሃ ሠፈር ባለ ሰንበት ትምህርት ቤት ማስተማር ያዘ።

የዚያ ሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋዮች ልጆቹን እሑድ ተቀብለው ማሰናበት ብቻ አልነበረም ሥራቸው። ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ይጠይቋቸው ነበር። ቪኸርንም ያየውን በማስታወሻ ይጽፍ ነበር። በጠባብ ክፍል የታጨቁ ቤተሰቦች፣ መጠጥ ያሸነፋቸው ወላጆች፣ በልመናና በስርቆት የሚውሉ ልጆች አየ። እሑድ አንድ ሰዓት ስለ ጌታ ፍቅር ሰምቶ የወጣ ልጅ፣ የቀረውን ሳምንት የሚኖረው ፍቅር በሌለበት ነው። ቪኸርን ይህ ነገር እንቅልፍ የሚነሳ ሆነበት። ለዚያ ልጅ ከትምህርቱ በተጨማሪ ቤት ያስፈልገዋል አለ።

ካርል ዚፈኪንግ የተባለ የከተማው ባለሥልጣን ሆርን በሚባል ሠፈር የነበረውን የሣር ክዳን ቤት ለዚህ ሥራ ሰጠ። ቤቱ «ራውኸስ ሃውስ» ይባላል። ቪኸርን በ1833 በኦክቶበር መጨረሻ ከእናቱ ጋር እዚያ ገባ። ያን ጊዜ ዕድሜው 25 ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ የመጀመሪያዎቹ ልጆች መጡ፤ ዓመቱ ሳያልቅ 12 ወንዶች ልጆች ሆኑ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሴቶች ልጆችም ተቀበሉ።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያሉ ልጆች የሚላኩበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ እስር ቤት የሚመስል ነበር። ቪኸርን ግን ልጆቹን የሚያግት ግንብ አልሠራም። አዲስ ልጅ ሲመጣ ያለፈው ሁሉ ይቅር እንደተባለለት ይነገረው ነበር። ልጆቹ በአንድ ትልቅ አዳራሽ አልታጎሩም፤ አሥር አሥራ ሁለት እየሆኑ እንደ ቤተሰብ ይኖሩ ነበር። በየቤተሰቡም «ወንድም» ተብሎ የሚጠራ አንድ አገልጋይ አብሯቸው ይበላል፣ አብሯቸው ይሠራል፣ አብሯቸው ይጸልያል። ወገኖቼ፣ ይህ ወንጌል አይደለም እንዴ? ሉቃስ 15 ላይ ያለው አባት ልጁን የተቀበለው መጀመሪያ ቅጣቱን አስጨርሶ ነው ወይስ ሮጦ አቅፎ?

የጋሪው ጎማ

ልጆቹ የበዓሉን መቃረብ ሲሰሙ ገና መቼ ነው፣ ስንት ቀን ቀረው እያሉ ቪኸርንን ይነዘንዙት ነበር ይባላል። ቤቱ ልጅ ያለ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

በ1839 ዲሴምበር 1 የዋለው እሑድ ቀን ነበር፤ የአድቬንት የመጀመሪያው እሑድ። ቪኸርን አንድ አሮጌ የጋሪ ጎማ ወስዶ በጸሎት አዳራሹ ሰቀለው። በጎማው ዙሪያ 20 ትንንሽ ቀይ ሻማዎችና 4 ትልልቅ ነጭ ሻማዎች ተተከሉ። ትንንሾቹ ለሥራ ቀናት፣ ትልልቆቹ ለእሑዶች ናቸው። በየቀኑ ልጆቹ ለጸሎት ሲሰበሰቡ አንድ ሻማ ይጨመራል። እሑድ ሲደርስ ትልቁ ይበራል። በልደት ዋዜማ 24ቱም ሻማዎች ይበሩና አዳራሹ በብርሃን ይሞላል።

ጉንጉኑ ያኔ ዛሬ የምናየውን አይመስልም ነበር። አረንጓዴ ቅጠሉ በኋላ የተጨመረ ነው። ሻማዎቹ አራት ብቻ የሆኑትም ልማዱ ወደየቤቱ ሲገባ ነው። ሲጀመር ጌጥ አልነበረም። አሮጌ ጎማ ነበር። የተሠራውም ነገን በተስፋ መጠበቅ ለማያውቁ ልጆች ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። በቋንቋችን «ገና» የሚለው ቃል ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ ሲላላ ደግሞ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። ለእኔና ለእናንተ ልጆች ገና ይደርሳል። በጎዳና ለሚያድር ልጅ ግን ሁልጊዜ ገና ነው። ማታ የት እንደሚተኛ የማያውቅ ልጅ ስለ ሃያ አራተኛው ቀን ምን ብሎ ያስባል? በተስፋ መጠበቅ የሚችለው ነገ የሚመጣለት መሆኑን ያመነ ሰው ነው። ቪኸርን ለእነዚያ ልጆች ትልቁን ስጦታ የሰጣቸው በልደት ቀን አይደለም ብዬ አምናለሁ። ከዚያ በፊት በነበሩት 24 ቀናት ነው። በየማታው አንድ ሻማ ሲበራ «ነገም እዚህ ነህ፤ ነገም እንጠብቅሃለን» እየተባሉ ነበር።

ለአንድ ቀን ስጦታ መስጠት ምጽዋት ነው፤ መልካም ነው። አብሮ መጠበቅ ግን ቤተሰብ ማድረግ ነው። ጌታም ያደረገው ይህን ነው። ከሰማይ ሆኖ እርዳታ አልላከልንም፤ መጥቶ በመካከላችን ኖረ።

ሁለት ድምፆች

በ1848 አውሮፓ በአብዮት ስትናወጥ የጀርመን የወንጌል አብያተ ክርስቲያናት ሰዎች በቪተንበርግ ተሰበሰቡ። ሉተር ያገለገለባት ከተማ ናት። ቪኸርን እዚያ ተነሥቶ ረጅም ንግግር አደረገ። ቤተ ክርስቲያን ድሆችን ትታ እምነቷን ብቻ ብትናገር ማንም እንደማይሰማት፣ የማዳን ፍቅር ሥራም እንደ እምነቷ ሁሉ የራሷ እንደሆነ አስረዳ። ከዚያ ስብሰባ «የውስጥ ተልእኮ» የተባለው እንቅስቃሴ ተነሣ፤ ዛሬ በጀርመን ላለው ሰፊ የአብያተ ክርስቲያናት የበጎ አድራጎት አገልግሎት መሠረት የሆነው እሱ ነው።

ከዚያ ከ124 ዓመት በኋላ ደግሞ ከአገራችን ሌላ ድምፅ ተሰማ። በ1972 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ለዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ላከች። የዚያን ጊዜ ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። ደብዳቤው ምን አለ? የውጭ ረጂዎች ለትምህርት ቤትና ለሆስፒታል ገንዘብ ለመስጠት ፈጣን ናቸው፤ ለወንጌል ስብከት ሲሆን ግን እጃቸው ያጥራል። ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ አይከፈልም፤ አገልግሎታችን ሁለንተናዊ ይሁን አለ። ቄስ ጉዲና በ1979 በደርግ ዘመን ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። ደብዳቤው ግን እስከ ዛሬ ይነበባል።

ቪኸርን ለሰባኪዎች «ዳቦውን አትርሱ» አለ። መካነ ኢየሱስ ለረጂዎች «ወንጌሉን አትርሱ» አለች። ሁለቱን ስናጋጥማቸው በሐዋርያት ሥራ 2 ያለውን እናገኛለን። መንፈስ ቅዱስ በወረደባት ቤተ ክርስቲያን ልሳን ነበረ፣ ስብከት ነበረ፣ ጸሎት ነበረ፤ በዚያው ምዕራፍ መጨረሻ ደግሞ ያላቸውን እየሸጡ ለተቸገረው ሁሉ ያካፍሉ ነበር። እኛ ጴንጤዎች የምዕራፉን መጀመሪያ በቃላችን እናውቀዋለን። መጨረሻውስ?

በደርግ ዘመን የብዙ አብያተ ክርስቲያናት በር ሲዘጋ ምእመናን በየቤቱ በትንንሽ ቡድን ሆነው ጌታን ያመልኩ ነበር። መድረክ የለም፤ ድምፅ ማጉያ የለም፤ ጮክ ብሎ መዘመርም ያስፈራ ነበር። ገና ግን አልቀረም። በዚያ ዘመን ያለፉ አባቶችና እናቶች በየአጥቢያችን አሉና ጠይቋቸው። የዚያን ጊዜ ሀብታቸው እርስ በርስ መተዋወቃቸው ነበር፤ ማን እንደታሰረ፣ የማን ቤት እንጀራ እንደጠፋ ያውቁ ነበር። ዛሬ አዳራሽ አለን። የጎረቤታችንን ችግር ግን እናውቃለን?

ዘንድሮ ምን እናድርግ?

ወደ ሦስቱ ቃላት እመለሳለሁ እንዳልኳችሁ።

ስብከት። ከገና በፊት ያሉትን ሳምንታት በዝግጅት ሩጫ ብቻ አንጨርሳቸው። ስለ መሲሑ የተነገሩትን ትንቢቶች በየቤት ኅብረታችን እናንብብ። ጎረቤት እንጥራ። «የመጣው ዳግመኛ ይመጣል» የሚለውን ተስፋ ለልጆቻችን እንንገራቸው። ሻማ ብታበሩ አልቃወምም፤ ባታበሩም አልወቅሳችሁም። ልጆቹ የሚጠብቁት ማንን እንደሆነ ግን ይወቁ።

ብርሃን። ማዕድ ማጋራት በአገራችን የተለመደ መልካም ነገር ሆኗል። ዘይቱ፣ ዱቄቱ፣ ዶሮው ለተቸገረ ቤት ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን አንዲት እናት ዘይት ለመቀበል በካሜራ ፊት ተሰልፋ መቆም አለባት? ጌታ በማቴዎስ 6 ስንሰጥ መለከት እንዳናስነፋ አስጠንቅቆናል። ሻማ የሚበራው ሌላውን እንድናይበት ነው እንጂ እኛ እንድንታይበት አይደለም። ስለዚህ ስጦታውን ወደ ቤቷ ይዛችሁ ሂዱ። ተቀመጡ። ቡናዋን ጠጡ። ስሟን እወቁ።

እረኛ። እረኛ የጠፋውን ፈልጎ ይሄዳል። በደጃፋችን ጫማ የሚጠርገውን ልጅ በገና ዕለት ልብስ ሰጥተን ከምንሸኘው፣ በታኅሣሥ መጀመሪያ ጠርተን ከድራማው ቦታ ብንሰጠውስ? እሱም እረኛ ይሁን፣ እሱም መልአክ ይሁን። ልምምድ ይምጣ፤ ቀን ይቁጠር፤ «እሑድ እንጠብቅሃለን» የሚለው ሰው ይኑረው። ገና ወደ አገሯ መሄድ ያልቻለችውን የቤት ሠራተኛ በማዕዳችን ላይ እናስቀምጣት፤ ሰሃን እንድታነሣ ሳይሆን አብራን እንድትበላ። በቤይሩት፣ በሪያድ፣ በዱባይ በሰው ቤት ለሚሠሩ እህቶቻችን ገና የሥራ ቀን ነው። በዋዜማው ስልክ ደውለን ከጉባኤው መዝሙር እናሰማቸው።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። በሐምቡርግ የጋሪው ጎማ የሚበራው በዲሴምበር ነበር፤ ቤቱ ግን በጃንዋሪም ክፍት ነበር። የራውኸስ ሃውስ ሥራ በጦርነት ቦምብ ወድሞ እንደገና ተሠርቶ እስከ ዛሬ ቀጥሏል። የእኛስ ፍቅር ከታኅሣሥ አልፎ ጥር ይገባል? መድረኩ ከፈረሰ፣ መብራቱ ከተጠቀለለ በኋላ ያን ልጅ የሚጠይቀው ማነው?

ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ

ምናልባት ይህን ጽሑፍ የምታነብበው አንተ ራስህ በር ላይ የቆምክ ነህ። ምናልባት በዓል በመጣ ቁጥር ብቸኝነትሽ የሚብስብሽ አንቺ ነሽ። ሌሎች ይሰበሰባሉ፤ ለአንተ ግን ሁልጊዜ «ገና» ነው። ስማኝ፤ በቤተ ልሔም ለእሱም በእንግዳ ማረፊያ ስፍራ አልነበረውም፤ ሉቃስ 2 ይህን ይነግረናል። ስፍራ ያጣው ጌታ ስፍራ ያጣውን ሰው ያውቀዋል። ያለፈው ሁሉ በመስቀሉ ይቅር ተብሏል። የአባቱ ቤት ልጅን የሚከለክል አጥር የለውም። ዛሬ በእምነት ወደ እሱ ና፤ ነዪ። በአቅራቢያህ ወዳለች፣ ወንጌል ወደሚሰበክባት ቤተ ክርስቲያንም ሂድ።

እናንተ ደግሞ በውስጥ ያላችሁ ምእመናን ሆይ፣ የሚመጣው እንግዳ በሩ ላይ የሚያገኘው እናንተን ነውና ተዘጋጁ።

ጌታ ሆይ፣ ወደ እኛ ስለመጣህ እናመሰግንሃለን። ዳግመኛ እስክትመጣ ድረስ ብቻችንን እንዳንጠብቅህ እርዳን። በደጃችን ያለውን ልጅ የምናይበት ዓይን ስጠን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

መልካም ገና ይሁንላችሁ። ጸጋው ከሁላችሁ ጋር ይሁን።